የማን ጂኖም ነው የምታነቡት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከማሽላ እስከ እንሰት ይዘረጋሉ፤ የሚያነሱት ጣጣ ግን ተቀራራቢ ነው። የዕፅዋት ጂኖም የመረጃ ቋቶች ደጃቸው ክፍት ነው፣ አብዛኞቹ ገንዘብም አይጠይቁም። ሆኖም የተፈለገው ጂን ወይ አይገኝም፣ ወይ ሦስት ስም ይዞ ይመጣል፣ ወይም ማሳ ላይ ከበቀለው ተክል ጋር አይገጥምም። የጂን መለያዎችን በራሳችን ፊደል አትመናቸዋል፤ ኮምፒውተር ላይ ስትፈልጓቸው በላቲን ፊደል ጻፏቸው። ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዘንጋዳን ከነጭ ማሽላ የሚለየውን የታኒን (ፍሬውን የሚያጎመዝዝ ንጥረ ነገር) ጂን እያጠናሁ ነው። አንድ የቆየ ጽሑፍ ጂኑን ኤስቢ04ጂ031730 ይለዋል። ፋይቶዞም ከተባለው የዕፅዋት ጂኖም ቋት ሶቢክ.004ጂ280800፣ ኤንሴምብል ፕላንትስ ከተባለው ሌላ ቋት ደግሞ ሶርቢ_3004ጂ280800 የሚል አገኘሁ። ያወረድኩት የጂን ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያው ጨርሶ የለም። የቱን ልመን? (የማስተርስ ተማሪ፣ ሐረማያ)

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ጂን ናቸው፤ የተለያየው ስሙ የወጣበት ጊዜና ስም አውጪው ነው። የማሽላ ጂኖም በ2009 ሲታተም ጂኖቹ “ኤስቢ” ብሎ የሚጀምር መለያ ተሰጣቸው፤ “04” ክሮሞሶም አራት ማለት ነው። በኋላ የዲኤንኤው ቅደም ተከተል በተሻለ ጥራት ተገጣጥሞ አዲስ ስሪት ሲወጣ ጂኖቹ እንደ አዲስ ተቆጠሩና “ሶቢክ” ሆኑ። ኤንሴምብል ፕላንትስ ሦስተኛውን ስሪት ወስዶ በራሱ አጻጻፍ “ሶርቢ_3” የሚል አስቀደመለት። ስለዚህ “3004” ሦስት ሺህ አራት አይደለም፤ ሦስቱ የስሪቱ ቁጥር ነው፣ 004 ክሮሞሶሙ። ከ“ጂ” ወዲያ ያለው ቁጥር በሁለቱ ዘንድ አንድ ስለሆነ ሶቢክን ወደ ሶርቢ መለወጥ የፊደል ሥራ ብቻ ነው።

ከአሮጌው ኤስቢ ወደ አዲሱ ግን በስሌት አይኬድም። መጀመሪያ ፋይቶዞም ላይ የጂኑን ገጽ ከፍተው የቀድሞ ስሞች የሚዘረዘሩበትን ቦታ ይመልከቱ። እዚያ ካልተገኘ የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል ከአሮጌው መዝገብ ይቅዱና በአዲሱ የማሽላ ጂኖም ላይ የፕሮቲን ብላስት (ተመሳሳይ ቅደም ተከተል የሚፈልግ ፕሮግራም) ያሂዱ። ተመሳሳይነቱ መቶ በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ ከሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሸፈነና በዚያው ክሮሞሶም ላይ ከወደቀ ያው ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የዘመድ ጂን ይዘው ሊሆን ስለሚችል አይቸኩሉ። በመመረቂያ ጽሑፍዎም መለያውን ብቻ ሳይሆን የስሪቱን ቁጥርና ያወረዱበትን ቀን ይጻፉ። ይህን ሳይጽፉ የቀሩ ሰዎች ናቸው ዛሬ እርስዎን ያደከሙዎት።

አሁን ወዳልጠየቁን፣ ግን ይበልጥ ወደሚያሳስበን ነገር እንለፍ። በቋቱ ውስጥ ያለው የማሽላ ማጣቀሻ ጂኖም የተነበበው ቢቲኤክስ623 ከተባለ አንድ የማሽላ መስመር ነው። ይህ መስመር ታኒን የለውም። እንግዲህ “ማጣቀሻ” ብለው የሚያወርዱት የዚህ የታኒን ጂን፣ የታን1፣ ቅጂ የተሰበረው ቅጂ ነው፤ የዘንጋዳው ነው ጤነኛው። የእርስዎን ዘንጋዳ ከዚህ ጋር አስተያይተው “ለውጥ አገኘሁ” ቢሉ ነገሩን ገልብጠው ነው ያነበቡት። ከሚታወቁት ስብራቶች አንዱ የአንዲት የዲኤንኤ ፊደል መጉደል፣ ሌላው የ10 ፊደላት መጨመር ነው፤ ሁለቱም የፕሮቲኑን ንባብ ያፋልሳሉ። የዲኤንኤ ምልክት ሲነድፉ ቢያንስ አንድ ታኒን ያለውን መስመር ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ታኒን እንዲኖር በክሮሞሶም ሁለት ላይ ያለው ታን2 ጂንም፣ ሶቢክ.002ጂ076600፣ ጤነኛ መሆን አለበት። አንዱ ከተሰበረ የሌላው ጤንነት አያድነውም። ስለዚህ ታን1 ያልተነካ ሆኖ ፍሬው ታኒን አልባ ቢሆን ላቦራቶሪዎ አልተሳሳተም። ቀለምን ደግሞ በጭራሽ አይመኑ፤ ቀይ ልባስ ኖሮት ታኒን የሌለው ማሽላ ሞልቷል። የሚታመነው የበረኪና ፍተሻ ነው፦ ፍሬውን 5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ በተጨመረበት በረኪና ውስጥ 20 ደቂቃ ነክሮ ማጠብ። ታኒን ያለው ጥቁር ይሆናል፣ የሌለው ይነጣል እንጂ አይጠቁርም። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ ታኒን እንዳላቸውና እንደሌላቸው የሚታወቁ ፍሬዎችም አብረው ይንከሩ።

ጥያቄ፦ የስንዴ ግንድ ዋግ ላይ እንሠራለን። ኤስአር31 የተባለውን የመቋቋም ጂን በስንዴ ማጣቀሻ ጂኖም ውስጥ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው። የተሳሳትነው የት ላይ ነው? (አሰላ)

መልስ፦ የትም አልተሳሳታችሁም፤ እዚያ የለም። በ2018 የታተመው ማጣቀሻ ቻይኒዝ ስፕሪንግ የተባለው የቻይና ስንዴ ነው። በእርግጠኝነት የተመዘገቡት ጂኖች ብቻ 107,891 ናቸው፤ ኤስአር31 ግን ከእነሱ አንዱ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም የስንዴ ጂን አይደለም። የመጣው ራይ ከተባለው የስንዴ ዘመድ እህል ነው፦ የራይ አንደኛ ክሮሞሶም አጭሩ ክንድ በስንዴው 1ቢ አጭር ክንድ ቦታ ገብቶ። ቻይኒዝ ስፕሪንግ ይህ ቁራጭ የለውም። ብላስት “አልተገኘም” ሲል የሚናገረው ስለ ከፈታችሁት አንድ ተክል ብቻ ነው፤ ስለ ስንዴ በሙሉ አይደለም።

መፈለግ የሚገባው በራይ ጂኖም ላይ ነው፤ ሎ7 የተባለው የራይ መስመር ጂኖም በ2021 ታትሟል። እሱም ቢሆን ቁራጩን ለስንዴ የሰጠው ራይ ራሱ ስላልሆነ፣ የምታገኙት የአካባቢውን መልክ እንጂ የግድ ያንኑ ጂን አይደለም። የመስካችሁ ሥራ ቁራጩ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ብቻ ከሆነ ለራይ ክንድ የተነደፈ ፕራይመር (የተፈለገውን ቦታ ለይቶ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ይበቃል። ግን “ባንድ (ጄል ላይ የሚታይ የዲኤንኤ መስመር) የለም” ማለት “ጂኑ የለም” ወይም “ፒሲአሩ (የዲኤንኤ ማባዣው) ከሽፏል” ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቱቦ ውስጥ በማንኛውም ስንዴ ላይ የሚሠራ ሌላ ጥንድ ፕራይመር ጨምሩ። ሁለተኛው ባንድ ካልመጣ ናሙናው አይቆጠርም። ዩጂ99 የተባለው ዋግ በ1999 ኡጋንዳ ላይ ሲታወቅ ኤስአር31ን ጥሶ እንደነበረ እናንተ ከእኛ በተሻለ ታውቃላችሁ።

የስንዴ መለያ ሲነበብ እንዲህ ነው። አጭር ቁመት የሚሰጠው አርኤችቲ-ቢ1 ጂን ትራኤስሲኤስ4ቢ02ጂ043100 ተብሎ ተመዝግቧል። “ትራኤስ” ስንዴ፣ “ሲኤስ” ቻይኒዝ ስፕሪንግ፣ “4ቢ” ክሮሞሶሙ፣ “02” የጂን አሰያየሙ ስሪት ነው። 01፣ 02 እና 03 የያዙ ሠንጠረዦችን በመለያ ብታጋጥሟቸው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። “02”ን በ“03” መተካትም አይሠራም፤ ከ“ጂ” በኋላ ያለው ቁጥርም ተለውጧል።

ጥያቄ፦ በኤንሴምብል ፕላንትስ ካለው የጤፍ ጂኖም ፕራይመር ነድፌ ቁንጮ በተባለው የጤፍ ዝርያ ላይ ሞከርኩት። ጄሉ ላይ ሁለት የተጠጋጉ ባንዶች መጡ፤ ሲነበብም የንባቡ ግራፍ ቁንጮዎች ተደራርበው አንዱን ከአንዱ መለየት አልተቻለም። ፕራይመሩን ሦስት ጊዜ አዘዝኩ፣ ያው ነው። (ቢሾፍቱ)

መልስ፦ አራተኛ ጊዜ አይዘዙት፤ ፕራይመሩ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ጤፍ ከሁለት ቅድመ አያቶች የተዋሐደ ተክል ነው፤ 40 ክሮሞሶሞቹ ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ንዑስ ጂኖሞች ይከፈላሉ። አብዛኛው ጂን በ4ኤ ላይ ካለ በ4ቢ ላይ መንትያ አለው። ፕሮቲን የሚጻፍባቸው ክፍሎች በጣም ስለሚመሳሰሉ አንድ ፕራይመር ሁለቱንም ይይዛል። መሐል ያሉት ኢንትሮኖች ርዝመታቸው ከተለያየ ሁለት ባንድ ይታያል። እኩል ከሆኑ ነው ችግሩ የሚብሰው፦ ጄሉ ላይ አንድ ንጹሕ ባንድ ያሳያል፣ ጉዱ የሚታየው ሲነበብ ነው።

ቋቱም የራሱ ድርሻ አለው። ኤንሴምብል ፕላንትስ የሚያሳየው በ2014 የታተመውን የፀደይ ዝርያ ረቂቅ ነው። ረቂቁ በብዙ ሺህ ቁርጥራጮች የቀረበ ስለሆነ ከመንትዮቹ አንዱ ተቆራርጦ ሊቀር ወይም ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ፕራይመርዎ እዚያ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቢያርፍ አያስደንቅም። በ2020 የታተመው ዳቢ የተባለው የጤፍ ዝርያ ጂኖም ግን በ20 ክሮሞሶሞች ተገጣጥሟል፤ 577 ሚሊዮን ፊደል፣ 68,255 ጂን። ኮጅ ከሚባለው የጂኖም ማነጻጸሪያ መድረክ ይገኛል። ለፕራይመር ሥራ ከዚህ ይነሱ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የጂኑን ቅደም ተከተል በዳቢ ላይ ብላስት ያድርጉና ሁለቱን መንትዮች፣ ከኤም ከቢም፣ ያውጡ። ኢንትሮኖቹን ሳያስቀሩ፣ ከጂኑ ግራና ቀኝ 300 ያህል ፊደል ጨምረው ይቅዱ። ሁለቱን አሰልፈው የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ምልክት ያድርጉባቸው፤ ኢንትሮኑ ውስጥና ከጂኑ ዳር ብዙ ያገኛሉ፣ መሐል ላይ ጥቂት። ከዚያ የፕራይመሩ የመጨረሻዋ ፊደል፣ በሦስት-ፕራይም ጫፍ ያለችው፣ ልዩነቱ ላይ እንድታርፍ ይንደፉ። ኢንዛይሙ መገንባት የሚጀምረው ከዚያ ጫፍ ነው፤ ጫፉ ካልገጠመ ሥራው ይዳከማል ወይም ይቆማል። በመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት ውስጥ ሁለት ልዩነት ካገኙ እጅግ ጥሩ። ርዝመቱ ከ20 እስከ 24 ፊደል፣ የመቅለጫ ሙቀቱ ከ58 እስከ 62 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የጥንዱ ልዩነት ከ2 ዲግሪ ያልበለጠ፣ የጂና የሲ ድርሻ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይሁን። ለንባብ የሚላክ ቁራጭ ከ400 እስከ 800 ፊደል ቢሆን ይመቻል።

ፒሲአሩን ከ58 ጀምረው በ2 ዲግሪ እየጨመሩ እስከ 66 ይሞክሩት። አንድ ባንድ ስለቀረ ብቻ ደስ አይበልዎት፤ አንድ ናሙና አስነብበው ቁንጮዎቹ ነጠላ መሆናቸውን ያረጋግጡ። (የጤፉ ቁንጮና የንባቡ ቁንጮ በአንድ ደብዳቤ መገናኘታቸው እኛንም ፈገግ አሰኝቶናል።) የጤፉ ቁንጮ ከዲዜድ-01-974 እና ማኛ ከሚባለው ዲዜድ-01-196 የተዳቀለ ነው፤ ዳቢም ፀደይም አይደለም። ፕራይመሩ ማጣቀሻው ላይ ልክ ሆኖ በቁንጮ ላይ ጨርሶ ቢከሽፍ፣ በማረፊያው ላይ ቁንጮ የራሱ ልዩነት ሊኖረው ስለሚችል ከ50 እስከ 100 ፊደል ፈቀቅ ብለው ሌላ ይንደፉ።

ጥያቄ፦ ለእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚጠቅም የሙዝ ጂን አግኝተን በእንሰት ውስጥ ስንፈልግ ኤንሲቢአይ (የአሜሪካው የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል) “ጉልህ ተመሳሳይነት አልተገኘም” ይለናል። እንሰት ተነቧል ይባል የለ እንዴ? (ሐዋሳ)

መልስ፦ ተነቧል፤ የፈለጋችሁበት ሳጥን ነው ሌላ። የብላስት ገጽ ሲከፈት አስቀድሞ የሚመርጠው አጠቃላይ የኑክሊዮታይድ ስብስብ ረቂቅ ጂኖሞችን አይጨምርም። የእንሰት ረቂቅ ያለው የሙሉ ጂኖም ቁርጥራጮች በሚባለው ክፍል ነው። የቋት ምርጫውን ወደዚያ ቀይሩ፣ የተክሉን ሳይንሳዊ ስም፣ እንሴቴ ቬንትሪኮሰም፣ በላቲን ፊደል አስገቡ፤ ክፍሉ ያለ ስም አይሠራም።

ሁለተኛው ጥፋት የብላስቱ ዓይነት ነው። ገጹ ሲከፈት ሜጋብላስት ተመርጦ ይቆያል። ይህ የተሠራው ለእጅግ ተቀራራቢ ቅደም ተከተሎች ነው፤ ቢያንስ 28 ተከታታይ ፊደል ካልገጠመው ፍለጋውን አይጀምርም። በሙዝና በእንሰት መካከል ተራው ብላስትኤን፣ 11 ፊደል የሚበቃው፣ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው የሙዙን ፕሮቲን ወስዶ በቲብላስትኤን የእንሰትን ዲኤንኤ መፈለግ ነው፤ ፕሮቲን ከዲኤንኤ ይልቅ ቀስ ብሎ ይለወጣል። ውጤቱ ሲመጣ ኢ-ቫልዩ (ተመሳሳይነቱ በአጋጣሚ የመምጣቱ ግምት) ትንሽ መሆኑን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፤ ምን ያህሉ እንደተሸፈነም እዩ። የመከላከያ ጂኖች ብዙ ዘመድ ያሏቸው የጋራ ክፍሎች ይዘዋል፤ ከጂኑ ሲሶውን ብቻ የሸፈነ ውጤት በሚያምር ኢ-ቫልዩ ታጅቦ ይመጣል።

ረቂቁ ተቆራርጦ ጂናችሁ ሁለት ቁራጭ ላይ ቢወድቅ ወደ ሙዝ ጂኖም ማዕከል ሂዱ። በ2012 ከታተመው የፓሃንግ ሙዝ በተጨማሪ የእስያው እንሰት፣ እንሴቴ ግላውከም፣ በ9 ክሮሞሶሞች ተገጣጥሞ በ2022 ታትሟል። የእኛም እንሰት 9 ጥንድ ክሮሞሶም ስላለው ከ11 ጥንዱ ሙዝ ይልቅ ይቀርበዋል። የበሽታውን ባክቴሪያ ስትፈልጉ ደግሞ ሁለት ስም እንዳለው አስቡ፦ የቆዩት ጽሑፎች ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ሲሉት አሁን ቫሲኮላ ውስጥ ተመድቧል። ሙሳሴረም የሚለው የመጨረሻ ስሙ ግን አልተለወጠም፤ በሱ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔታችን እየተቆራረጠ የስንዴን ጂኖም ማውረድ አቃተን። ባለፈው ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ፋይሉ አልከፈት አለ። (ባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ ሙሉው ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ያልታመቀ የፋስታ ፋይል (ቅደም ተከተሉ የሚጻፍበት) ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ያህል ይወስዳል። ማሽላ 700 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ስንዴ ከ14 ጊጋባይት በላይ ነው፣ ታምቆም 4 ጊጋባይት ያልፋል። ሥራችሁ አንድ ክሮሞሶም ላይ ከሆነ ኤንሴምብል ፕላንትስ ክሮሞሶሞቹን ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ የ4ቢን ብቻ አውርዱ። የፕሮቲኖቹ ፋይልና የጂኖቹን ቦታ የሚዘረዝረው ጂኤፍኤፍ3 ደግሞ በሜጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለብዙ ጥያቄ እነዚህ ይበቃሉ። አምስት ጂን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነማ ከጂኑ ገጽ ቅዱ።

ማውጫው ውስጥ ሦስት የሚመሳሰሉ ፋይሎች ታያላችሁ። ስሙ ላይ “ዲኤንኤ” ብቻ ያለው ሙሉው ቅደም ተከተል ነው። “ኤስኤም” የተጨመረበት ተደጋጋሚ ክፍሎችን በትንሽ ፊደል ይጽፋል። “አርኤም” ያለበት እነዚያኑ ክፍሎች በ“ኤን” ይተካቸዋል። የስንዴ 85 በመቶ ገደማ ተደጋጋሚ ስለሆነ ሦስተኛውን ያወረደ ሰው በብዛት ያወረደው ኤን ነው። ንባቦችን (ከላቦራቶሪ የመጡ የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን) በጂኖሙ ላይ ለማሳረፍ ከሁለቱ ፊተኞች አንዱን ውሰዱ።

በብራውዘር አታውርዱ። ደብልዩጌት የሚባለውን ትእዛዝ “ሰረዝ ሲ” የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ ተጠቀሙ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ ብትደግሙት ካቆመበት ይቀጥላል። ሲያልቅ የማረጋገጫ ቁጥሩን አስተያዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፦ ኤንሲቢአይ የኤምዲ5 ቁጥር ሲሰጥ ኤንሴምብል ግን ተራውን “ሰም” የተባለውን ትእዛዝ ውጤት ነው የሚያስቀምጠው። በኤምዲ5 ብታወዳድሩት ፋይሉ ደህና ሆኖም አይገጥምም።

ፋይሎቹን ከተለያየ ቋት ከወሰዳችሁ የክሮሞሶሙ ስምም ይጣላል። የማሽላ ክሮሞሶም አንድ በኤንሴምብል “1”፣ በፋይቶዞም “ክሮም01” ዓይነት፣ በኤንሲቢአይ ደግሞ ኤንሲ_012870 ነው። ንባቦችን በየጂኑ የሚቆጥረው ፕሮግራም ስህተት አይልም፤ ዝም ብሎ ሠርቶ ለሁሉም ጂን ዜሮ ይሰጣችኋል። ዓምዱ በሙሉ ዜሮ ሲሆን ከመደንገጣችሁ በፊት የሁለቱን ፋይሎች የመጀመሪያ መስመር አወዳድሩ። አንድ ፊደል የሳተ ውጤት ከመጣ ደግሞ ጂኤፍኤፍ ከ1፣ ቤድ የሚባለው ፋይል ከ0 መቁጠር እንደሚጀምሩ አስታውሱ።

ጥያቄ፦ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይህን በስልክ ማሳየት ይቻላል? (መምህር፣ ደሴ)

መልስ፦ ይቻላል። ኤንሴምብል ፕላንትስ ላይ አራቢዶፕሲስ ከተባለችው ትንሽ ተክል ኤቲ5ጂ24520 የሚለውን ጂን ይክፈቱ። ይህ ጂን ሲሰበር የቅጠሏ ፀጉር ይጠፋል፣ የዘሯም ቡናማ ቀለም ይለቃል። ከዚያ “ዘመድ ጂኖች” የሚለውን ዝርዝር ያስከፍቷቸውና ማሽላን ይፈልጉ፤ ከላይ የሐረማያው ተማሪ የጻፈልን የታኒን ጂን የዚህ ዘመድ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቅደም ተከተሉ ኮምፒውተር ውስጥ ካለ ዘሩን በቀዝቃዛ ክፍል ማኖር ለምን ያስፈልጋል? ለኢቢአይ ኢሜይል ጽፌ የገብስ ዘር ብጠይቅ “ዘር አንሰጥም” አሉኝ። (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ የጻፉት ለሌላው ኢቢአይ ይመስለናል። በእንግሊዝ አገር ሂንክስተን ያለው የአውሮፓ የባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም በምህጻረ ቃል ኢቢአይ ነው፣ ያለው ቅደም ተከተል እንጂ ዘር አይደለም። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም በምህጻረ ቃል ኢቢአይ ነው፤ ዘሩ ያለው እዚህ ከተማ ውስጥ ነው። በውጭ ባንኮች ያለውን ለማየት ጀነሲስ የተባለውን ቋት ይፈልጉ፤ የትኛው ናሙና የት እንደተሰበሰበና ማን ዘንድ እንዳለ ያሳያል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ገብስ ራሱ ይመልሳል። በ1937 እና 1938 የጀርመን ተጓዦች ከኢትዮጵያ ከሰበሰቧቸው ገብሶች ውስጥ ዱቄት መሰል ሻጋታን የሚቋቋሙ ተገኙ። ኤምኤልኦ-11 የተባለው ይህ ባሕርይ ከ1979 ጀምሮ ወደ አውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ገብቶ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ምክንያቱ ሲፈተሽ በጂኑ ፕሮቲን ክፍል ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም፤ ለውጡ ከጂኑ በፊት የገባ፣ ተመሳሳይ ክፍል እየተደጋገመ የተደረደረበት ረጅም ቁራጭ ነው። በአጫጭር ንባቦች ብቻ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ድርድር ሳያየው ያልፋል፣ ቋቱም ውስጥ አይገባም። ዘሩ ባይቀመጥ ኖሮ ማንም ተመልሶ ሊፈትሸው አይችልም ነበር። ማሽላም እንዲሁ ነው፦ ከኢትዮጵያ የተገኘው አይኤስ12555 ማሽላ ቢ35 የተባለውን ድርቅ ላይ ቅጠሉ ሳይጠወልግ የሚቆይ መስመር ወለደ። ዛሬ ቢቲኤክስ642 ተብሎ ጂኖሙ ፋይቶዞም ላይ አለ፤ ቅደም ተከተሉ የተነበበው ግን ዘሩ ስለነበረ ነው።

ጥያቄ፦ ከአርሶ አደሮች የሰበሰብናቸውን የጤፍ ናሙናዎች ልናስነብብና ቅደም ተከተሉን ኤንሲቢአይ ላይ ልናስቀምጥ ነው። ማን ያስፈቅዳል? ነገ ሌላ ቢጠቀምበትስ? (ጎንደር)

መልስ፦ ፈቃዱ የሚጀምረው ከቅጠሉ እንጂ ከፋይሉ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም ፈቃድ) የሚፈቀደው በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ናሙናው ወይም ዲኤንኤው ለንባብ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ፈቃዱ ሳይያዝ ፖስታ ቤት አይኬድም። ከውጭ ተባባሪ ጋር ከሆናችሁ ቅደም ተከተሉን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋት እንደሚያስቀምጥ በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ከታተመ በኋላ ማስመለስ የለም።

ፋይሉ አንዴ ኤንሲቢአይ ላይ ከተለቀቀ በአውሮፓውና በጃፓኑ አቻ ቋትም ይገኛል፤ ሦስቱ መረጃቸውን በየዕለቱ ይለዋወጣሉ። ማንም ያለ ክፍያ ይወስደዋል። እስክታሳትሙ ድረስ እንዲቆይ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የመለያ ቁጥሩ በታተመ ጽሑፍ ላይ ከወጣ ቀነ ገደባችሁ ባይደርስም ይለቀቃል። ስለዚህ ለስብሰባ በምታቀርቡት ጽሑፍ ላይ ቁጥሩን ለማስፈር አትቸኩሉ።

ጥቅም መጋራቱን በተመለከተ፣ አገሮች በኅዳር 2024 ካሊ፣ ኮሎምቢያ ላይ ተስማምተው የካሊ ፈንድ ተቋቁሟል። በቅደም ተከተል መረጃ የሚያተርፉ ትላልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠበቃል፤ ግዴታ ግን አይደለም፣ እኛም ገንዘቡን ከወዲሁ አንቆጥርም። ሄግ ላይ በ2018 ፍርድ ቤት የሻረው የኔዘርላንድስ የጤፍ ፓተንትም የተያዘው በዱቄቱ አሠራር ላይ እንጂ በቅደም ተከተሉ ላይ እንዳልነበረ ልብ በሉ፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

በእጃችሁ ያለው የናሙናው መግለጫ ቅጽ ነው። የአገር ስም፣ የተሰበሰበበት ቀንና ቦታ የሚሞሉባቸው ሣጥኖች አሉት። ኢትዮጵያ ብላችሁ፣ ወረዳውን ጨምራችሁ፣ አርሶ አደሮቹ ዝርያውን የሚጠሩበትን ስም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይዛችሁ፣ የኢንስቲትዩቱን የናሙና ቁጥርም አክላችሁ ሙሉት። ሣጥኑ ውስጥ “ጤፍ፣ የአካባቢ ዝርያ” ብቻ ተብሎ የገባ ናሙና ከየት እንደመጣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያውቀው የለም። የሳይንሳዊ ስሙ አንድ “ኤፍ” ብቻ እንዳለውም አትርሱ፤ በሁለት የጻፈው ሰው ፋይሉን ራሱ መልሶ ሲፈልገው ያጣዋል።